እናቴን ሐረር ይዤ ልሄድ ነው፤ በሦስት ቀን ምን እንይ? ምን እንብላ?

የገርጂዋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

በሚቀጥለው ወር ከእማዬ ጋር ሐረር ልንሄድ ነው። እኔ ከተማዋን ረግጫት አላውቅም። እማዬ ግን ልጅነቷ እዚያ ነው። አያቴ በጦር አካዳሚው ይሠሩ ስለነበር እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረችው ሐረር ነው። ከወጣች ወዲህ አልተመለሰችም። ሃምሳ ዓመት አለፈ ማለት ነው። አሁን 66 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ መራመድ አይሆንላትም።

ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ሁሉ ስለ ጅብ ነው። ጅቡንም ማየት እፈልጋለሁ። የእማዬን ሐረር ማየት ግን ይበልጥብኛል። የምታስታውሰው ጥቂት ነው። የስፌት መኪና የሚንጫጫበት መንገድ ነበር ትላለች፤ የትምህርት ቤት ልብሷ የተሰፋው እዚያ ነው። "ሆጃ" የሚባል ትኩስ መጠጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚጠበስ ሳምቡሳ ነበር። እነዚህ አሁንም አሉ? በምን እንሂድ? የት እንረፍ? ያለን ሦስት ሌሊት ብቻ ነው።

መንገደኛ 77 — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ደስ የሚል ጉዞ ነው እህቴ። እኔ ለሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እንደኔ ከሆነ ለሐረር አንድ ሌሊት ይበቃል። ጠዋት ጀጎል (በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ከተማ)፣ ከሰዓት ሙዚየም፣ ማታ ጅብ። በማግስቱ ድሬ ዳዋ ውረዱና ከዚራ ዛፎቹ ሥር አረፍ በሉ። የድሮውን ባቡር ጣቢያም ታያላችሁ። ጀጎል እኮ ትንሽ ነው። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው።

ስለ መጓጓዣው፣ እናትሽ ጉልበቷን ካመማት አውቶቡሱን እርሺው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አውሮፕላን እስከ ድሬ ዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ኮንትራት ታክሲ ያዙ።

የሸዋ በር ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

አቦ መንገደኛ፣ አንድ ሌሊት ምን ሊበቃ! ሐረርን ጠዋት ያየ ሰው ማታ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው የሚያየው። በአንድ ቀን ሮጦ የጨረሰ ሰው ድንጋዩን አይቶ ነው የሚመለሰው።

እህቴ፣ ልብሽ ይረፍ። የእናትሽ መንገድ አለ። መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ ራሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም በየሱቁ ደጃፍ ተደርድረው ይሰፋሉ። ጨርቁን ከጎን ትገዣለሽ፣ እዚያው ቆመሽ ትለኪያለሽ። ቀለል ያለ ልብስ ከሆነ ሻይ ጠጥተሽ እስክትመለሺ ያደርሱልሻል።

ለጉልበቷ ደግሞ ይህን ስሚኝ። ጀጎል ተዳፋት ነው፤ ፈረስ መጋላ ከላይ ነው። ስለዚህ በባጃጅ በሐረር በር ግቡና ፈረስ መጋላ ላይ ውረዱ። በመኪና ግርግር ቁልቁል ወደ ግድር መጋላ። ከዚያ እየተቀመጣችሁ፣ እየተነሣችሁ ወደ ኤረር በር። እዚያ ስትደርሱ ባጃጅ ይዛችሁ ተመለሱ። ሽቅቡን በእግሯ አትሞክረው። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ለስልሷል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ታድርግ።

ግድር መጋላ ሥጋ ተራው ጋ ቀና ብላችሁ እዩ። ጭልፊቶች ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ቁራጭ ሥጋ ወደ ላይ ስትወረውሪ አየር ላይ ይቀልቡታል። እናትሽ ይህን ካየች ልጅ ትሆናለች፤ እመኚኝ። ሥጋ በእጃችሁ ይዛችሁ ግን አትሂዱ። ይነጥቋችኋል።

ሳምቡሳው ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። የሥጋም የምስርም አለ፤ ጾም ላይ ከመጣችሁ አትቸገሩም። ቁርስ ፉል ነው፤ ወይም ፈጢራ በእንቁላልና በማር። ሆጃውም አለ። ከቡና ገለባ ወይም ከደረቀ የቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት ይገባበታል። ሻይ ቤት ሁሉ አያገኙትም። ጀጎል ውስጥ ካሉት ትንንሽ ቤቶች ጠዋት በማለዳ ጠይቁ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ ንገሪያት። ከጀጎል ውጪ አደባባዩ ላይ የነበረው የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት ዛሬ የለም። በሰኔ 2012 ፈርሷል። እሷ በልጅነቷ በየቀኑ በሥሩ አልፋ ይሆናል። ባዶውን ስታየው እንዳትደነግጥ።

እኛ ጋ ደግሞ አንቱታ ብዙ የለም። ባለሱቁም ባለባጃጁም እናትሽን "አንቺ" ይላታል። ቅርበት ነው እንጂ ንቀት አይደለም። እሷ ታውቀዋለች። አንቺ ነሽ እንዳትቆጪ።

መንገደኛ 77 — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የሸዋ በር ልጅ፣ ይህን ስጽፍ እየጸጸተኝ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጭልፊቶቹን አላየሁም። ሦስቱንም ሌሊት ሐረር ይደሩ፤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

የጌይ ልጅ፣ ከቶሮንቶ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

እኔ የሐረሪ ልጅ ነኝ። የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ እዚህ ብዙ ነን። እኛ ሐረርን "ጌይ" ነው የምንላት። ከተማ ማለት ነው። ሌላ ስም አያስፈልጋትም።

ለጎብኚ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። ሐረር ያለችው ቤቱ ውስጥ ነው። ከውጭ የምታዩት ግድግዳ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ የተቀባ ግድግዳ። ከተማዋ የምትጀምረው የግቢው በር ሲከፈት ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ሌሊት ጀጎል ውስጥ እደሩ። እንግዳ የሚቀበሉ የሐረሪ ቤቶች አሉ። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ምድር ቤት ክፍል አላቸው ወይ? ላይኛው ክፍል መወጣጫው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለእናትሽ ይከብዳታል። ሁለተኛ፣ ውሃ አለ ወይ?

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ጫማ አውልቁ። አምስት መደብ ታያላችሁ። ነደባ እንላቸዋለን። ከፍታቸው ይለያያል። ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ነው። እናትሽን የት እንደሚያስቀምጧት አስተውዪ። ግድግዳው ላይ ስፌት ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። አያቴ እያንዳንዱን ማን እንደሰፋው፣ ለማን ሠርግ እንደተሰፋ በስም ትቆጥር ነበር። እኔ ግማሹን ረስቼዋለሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

ከዋናው ክፍል ጎን ኪርተት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። የድሮ ሙሽሮች ጫጉላቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነበር። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። ትልልቆቹ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይሉናል።

ምግብ ከሆነ ባለቤቶቹን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሁልባት መረቅ እንዲሠሩላችሁ ለምኗቸው። በአብሽ የሚሠራ ነው። ሆቴል ውስጥ አታገኙትም። እናትሽ ከጎረቤት በልታው ከሆነ ሽታው ብቻ ይበቃታል።

ቡና ወዳድ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ማንም ስለ ቡናው አላነሣም እንዴ? የሐረር ቡና እኮ ሳይታጠብ ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው። ያ የፍራፍሬ ጠረን የሚመጣው ከዚያ ነው። ጀጎል ውስጥ የሚቆሉ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሽታው ይመራችኋል። ትኩስ የተቆላውን ሳይፈጭ ግዙ። አዲስ አበባ ገብታችሁ ቀስ በቀስ ትፈጩታላችሁ።

መምህር ዘሐረርጌ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ልጄ፣ ሐረር ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ሙዚየም ብዙ አታብዙ። ሁለት ይበቃችኋል። ሁለቱንም በዝግታ እዩአቸው።

መጀመሪያ "የራስ ተፈሪ ቤት" የሚባለው ግቡ። ራስ ተፈሪ ከሠርጋቸው በኋላ ያረፉበት ነው ይባላል። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከቤት ለቤት እየዞሩ የሰበሰቡት ነው። በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍት፣ ጎራዴ፣ የሠርግ ልብስ፣ የድሮ የሙዚቃ ቅጂ አለ። ሐረር በራሷ ስም ያወጣቻቸውን ሳንቲሞች ሳታዩ እንዳትወጡ። ይህች ከተማ የራሷ አሚር፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ቋንቋ የነበራት አገር እንደነበረች የሚገባችሁ ያኔ ነው። በጥር 1879 በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂ ተሸንፈው ነው በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር የገባችው። ከዚያ ራስ መኮንን ተሾሙ።

ሁለተኛው "የራምቦ ቤት" ነው። እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ሐረር እየተመላለሰ ነግዷል። ይህ ቤት ግን እሱ የኖረበት አይደለም። ከእሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቢሆንም ሂዱ። የእንጨቱ ሥራና ባለቀለሙ መስኮት ያምራል። ራምቦ በራሱ እጅ ያነሣቸው የሐረር ፎቶዎች አሉበት። እናትሽ ደረጃው ካቃታት ታች ትቀመጥ። አንቺ ወጥተሽ ከተማዋን ከላይ እያት።

ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ኢማም አሕመድ ከሞተ በኋላ ከተማዋ በጦርነት ደክማ ነበር። ግንቡ የተሠራው ያ ጊዜ ወልዶት ነው። የአሚር ኑር መቃብር ጀጎል ውስጥ ነው። አረንጓዴ የተቀባ፣ ጉልላቱ ቡጥ ቡጥ ያለ ነው፤ አይታችሁት አትረሱትም። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። በመኪና የምትገቡበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። በዚህች ትንሽ ቦታ ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ዩኔስኮ በ1998 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ያለ ነገር አይደለም።

ደግሞም ፈረስ መጋላ ላይ ስትቆሙ ዙሪያውን ተመልከቱ። መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነው፤ መስጊዶቹም ዙሪያውን ናቸው። አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ጠዋት ይሰማል። ከሐረር በወጣሁ ጊዜ በጣም የናፈቀኝ ያ ድምፅ ነው።

የገርጂዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እግዜር ይስጥልኝ። እማዬን ከጎኔ አስቀምጬ ነው ያነበብኩላት። "መኪና ግርግር" ስላት ስሙን ደግማ ደጋግማ ጠራችው። ረስታው ነበር። ስለ ሐውልቱ ሳነብላት ዝም አለች። አስቀድሜ ስለነገርኳት ጥሩ ሆነ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ጅቡን ስናይ እሷ ትፈራለች፤ እንዴት እናድርግ? አለባበስና ፎቶስ?

የሸዋ በር ልጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ጅቡ ከመሸ በኋላ ነው፤ ከ1 ሰዓት ጀምሮ። ከግንቡ ውጪ የሚመግቡ አሉ። ባጃጁን ወይም መኪናውን አታሰናብቱ። እናትሽ ውስጥ ተቀምጣ በመኪናው መብራት ታያለች። አንቺ ከፈለግሽ ሥጋውን በእንጨት ይዘሽ ታጎርሺዋለሽ። ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ፍላሽ አጥፉ።

ጅቡ ግን ለቱሪስት የመጣ አይደለም። ግንቡ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ዋራባ ኑዱል ይባላሉ፤ የጅብ በር ማለት ነው። ሌሊት በእነሱ ገብቶ ቆሻሻውን ያጸዳል። እኛ ልጅ ሆነን መንገድ ላይ ስናገኘው ጥግ ይዘን እናሳልፈው ነበር። በአሹራ በዓል ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል።

የጌይ ልጅ፣ ከቶሮንቶ — ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡50

አለባበሱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይሁን። ሻሽ ከቦርሳችሁ አይጥፋ፤ ወደ አሚር ኑር መቃብር ስትገቡ ያስፈልጋችኋል። ሴቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ገበያ ላይ ቅርጫት ዘርግተው የተቀመጡት ሴቶች ብዙዎቹ አይወዱም። መጀመሪያ ግዙ፣ ተጫወቱ፣ ከዚያ ጠይቁ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ሱቆች ይዘጋሉ፤ ያን ሰዓት ለምሳና ለእረፍት አድርጉት።

ቀኑን መቀየር ከቻላችሁ ደግሞ በሹዋል ዒድ ሂዱ። ከረመዳን በኋላ የሚጾሙት ስድስት ቀን ሲያልቅ የሚከበር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዚክር አለ። ልጃገረዶቹ አጊጠው ይወጣሉ። በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እኛ ከቶሮንቶም ከሌላውም አገር የምንሰበሰበው ያኔ ነው። ግን አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

ሾፌሩ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ድሬ–ሐረር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከድሬ ስትነሡ ሙቀት ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይቀየራል፤ ለእናትሽ ነጠላ ወይም ሹራብ እጇ ላይ ይሁን። ጠመዝማዛ ስለሆነ ከፊት ወንበር ትቀመጥ። ሐረማያ ጋ አስቁሙ። ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ አሁን ውሃ ተመልሶበታል። እናትሽ የምታውቀው ሞልቶ እያለ ነው፤ ሲደርቅ አላየችም። አወዳይ የጫት ገበያው ያጨናንቃል፤ ለአውሮፕላን ስትመለሱ ሰዓት ጨምሩ።

በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ዙሪያ ከሆነ ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ሕዝብ መንገዱንም አልጋውንም ይሞላዋል። ቀን ከተረፋችሁ ወደ ባቢሌ መንገድ ትንሽ ውጡና የባቢሌ ለውዝ ግዙ። ትኩስ የተቆላውን።

የገርጂዋ — ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ተመልሰናል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዝነው ማረፊያ ክፍሉ ፎቅ ላይ ሆነ። ምድር ቤት ነው ብለውን ነበር። እማዬ አንዴ ወጥታ ሁለተኛ አልችልም አለች። በማግስቱ ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። የቤቱ እናት እማዬን እጇን ይዘው ከፍ ካለው ነደባ ላይ አስቀመጧት። ሁለቱ ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀመሩ። እኔን ረሱኝ። ሁልባት መረቁን ስትቀምስ ማንኪያውን አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ጎረቤታቸው የነበሩ ሴት በየበዓሉ ይልኩላቸው እንደነበር ያኔ ነው የነገረችኝ። ስማቸውንም አስታወሰች።

ትምህርት ቤቷን ከውጭ አየነው። አካዳሚው ጋ አልተጠጋንም፤ እሷ አልፈለገችም። የአደባባዩ ባዶ ቦታ ጋ ስንደርስ ባጃጁን አስቆመች። ትንሽ አየችና "እንሂድ" አለች።

ጅቡን ከባጃጅ ውስጥ አየችው። እኔ አጎረስኩት። ትንፋሹ እጄ ላይ ሞቀኝ። ጭልፊቶቹ ግን በለጡባት። ለሥጋ ሻጩ ከፍላ አራቴ አስወረወረችው። የሸዋ በር ልጅ፣ እንዳልከው ነው የሆነው።

ሆጃ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አገኘን። አንድ ሲኒ ጠጣች። "ጨው ነበረበት" አለች። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሰማቻትና ሳቀች። ቆንጠር አድርጋ ጨምራ ሌላ ቀዳችላት። "አሁን ነው" አለች እማዬ።

በመጨረሻው ቀን መኪና ግርግር ወረድን። ብርማ ሰማያዊ ጨርቅ መረጠች፤ የትምህርት ቤት ልብሷ ቀለም ነው አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ "ነይ አንቺ፣ ቀጥ በዪ" ብለው ለኳት። ቀጥ አለች። በርጩማ አምጥተው ከመኪናቸው አጠገብ አስቀመጧት። እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሄደችው በዚያ ቀሚስ ነው።